ማሽኑን ማን ይፈትሽ? በአዲስ አበባ ዳርቻ ላሉ ፋብሪካዎች የከባድ ማሽን ደህንነት ፍተሻ አማራጮች ንጽጽር

ከቃሊቲ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ገላንና ዱከም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የብረታ ብረት፣ የቆርቆሮ፣ የፕላስቲክ፣ የምግብ ዘይትና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተደርድረዋል። በአብዛኞቹ ውስጥ እጅ ሊቆርጥ፣ ሰው ሊያደቅ ወይም ሊያቃጥል የሚችል ማሽን አለ። የእነዚህ ፋብሪካዎች ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች ስለ ደህንነት ፍተሻ ሲያማክሩኝ የሚያነሱት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ ፍተሻውን የራሳችን የጥገና ክፍል ይሥራው፣ ማሽኑን የሸጠልን ወኪል ይሥራው ወይስ ከውጭ ገለልተኛ ድርጅት እንቅጠር?

አብዛኛው ሰው ንጽጽሩን የሚጀምረው ከዋጋ ነው። እኔ ግን ከዋጋ በፊት አንድ ነገር እንዲጣራ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ይኸውም ፈታሹ አደገኛ ጉድለት ባገኘ ጊዜ ቃሉ ማሽኑን ያስቆማል ወይ የሚለው ነው። ጉድለቱ ተመዝግቦ ማሽኑ በዚያው ሺፍት መሥራቱን የሚቀጥል ከሆነ፣ ፈታሹ የቱንም ያህል ዐዋቂ ቢሆን ለኦፕሬተሩ የጠቀመው ነገር የለም። ሦስቱ አማራጮች በዚህ ሚዛን ሲለኩ ደረጃቸው በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ከሚታየው ይለያል።

ወደ ንጽጽሩ ከመግባቴ በፊት አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። የመንግሥት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ከአማራጮቹ አንዱ አይደለም። ፋብሪካው በከተማው አስተዳደር ክልል ውስጥ ከሆነ ከአዲስ አበባ፣ ገላን ወይም ዱከም ከሆነ ከኦሮሚያ ክልል በኩል ይመጣል፤ በሕግ የተሰጠው ሥልጣን ስለሆነም ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ ሊገባ ይችላል። ሥራው ግን ሕጉ መከበሩን ማረጋገጥ እንጂ የክሬኑን ገመድ በየወሩ መለካት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታን የጣለው በአሠሪው ላይ ነው፤ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ እንደሚሆን ሕጉ ይደነግጋል። ስለዚህ ከሦስቱ የትኛውንም ቢመርጡ፣ የተቀበሉት ሰርተፊኬት ኃላፊነቱን ወደ ሰጪው አያሸጋግረውም።

የራስ የጥገና ክፍል

የፋብሪካው መካኒክና ኤሌክትሪሺያን ሌላው ማንም የማይኖረው አንድ ነገር አላቸው፤ እሱም በየዕለቱ እዚያው መገኘታቸው ነው። የማሽኑን የትናንት ድምፅ ስለሚያውቁ የዛሬው መለወጡን ይሰማሉ። በእኛ አካባቢ ደግሞ በየዕለቱ መታየት ያለበት ብዙ ነገር አለ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ ማንም ሳይነካው በራሱ መነሣት የለበትም፤ እንደገና የማስነሻ ቁልፍ እስኪጫን ድረስ ቆሞ መጠበቅ አለበት። ኮንታክተሩ (ለሞተሩ መብራት የሚሰጠውና የሚያቋርጠው ማብሪያ) ተጣብቆ የቀረ ወይም በጥገና ጊዜ ሽቦው ያለ አግባብ የተቀጠለ እንደሆነ ግን፣ ማሽኑ መብራት በመጣ ቅጽበት የተቀረቀረውን ዕቃ ለማውጣት እጁን ያስገባውን ሠራተኛ ይዞ ይነሣል። ይህን መሞከር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ መብራት በተደጋጋሚ በሚቋረጥበት አካባቢ በዓመት አንድ ጊዜ ለሚመጣ የውጭ ፈታሽ የሚተው ነገር አይደለም። ቀዩ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ፣ መከለያው ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆመው ሊሚት ስዊች፣ የፎርክሊፍቱ ብሬክና ጡሩንባ፣ የቦይለሩ የውሃ ደረጃ መስታወት፣ የኮምፕረሰሩ ጋን ውሃ ማውጫ ሁሉ የዚሁ የዕለት ፍተሻ ድርሻ ናቸው።

የጥገና ክፍሉ አቅም ብዙ ባለቤቶች ከሚገምቱት በላይ ነው። የፎርክሊፍት ሹካ ተረከዙ ላይ ከመጀመሪያ ውፍረቱ 10 በመቶ ከተበላ ከአገልግሎት መውጣት አለበት፤ 10 በመቶ መሳሳቱ የመሸከም አቅሙን 20 በመቶ ያህል ይቀንሰዋልና። በአዲስነቱ 40 ሚሊሜትር የነበረ ሹካ 36 ላይ ሲደርስ አበቃለት ማለት ነው። ይህን ለመለካት ካሊፐር የሚባለው የውፍረት መለኪያ እንጂ ዲግሪ አያስፈልግም። የማንሻ ሰንሰለቱም እንዲሁ ነው፤ በአዲስነቱ 1,000 ሚሊሜትር የነበረ ርዝመት 1,030 ከደረሰ ይቀየራል። የክሬን ሽቦ ገመድን በተመለከተ በአሜሪካ የሚሠራበት መለኪያ ግልጽና ለቀን ሥራ የሚመች ነው፤ ገመዱ ከተገመደባቸው የሽቦ ጉንጉኖች አንዱ ገመዱን አንድ ጊዜ ዞሮ እስኪመለስ ባለው ርዝመት ውስጥ 6 የተበጠሱ ሽቦዎች፣ ወይም በአንዱ ጉንጉን ላይ ብቻ 3 ከተገኙ ገመዱ ይወገዳል። ገመዱን በባዶ እጅ መዳበስ ግን ክልክል ነው፤ የተበጠሰ ሽቦ እጅ ይተለትላል። በጨርቅ ያዙት፣ ጨርቁ የተያዘበትን ቦታም ልብ ብላችሁ ተመልከቱ።

የዚህ አማራጭ ድክመት የዕውቀት ሳይሆን የሥልጣን ነው። የጥገና ሠራተኛው ደመወዝ የሚከፍለውም፣ የምርት ዕቅዱን የሚጠይቀውም አንድ ሰው ነው። የወሩ መጨረሻ በተቃረበ ጊዜ «ይህን ትእዛዝ እንጨርስና እናቆመዋለን» ሲባል እምቢ የማለት አቅም ያለው መካኒክ ጥቂት ነው። በዚያ ላይ የገዛ እጁን ሥራ ራሱ ነው የሚፈትሸው። ከዚህም የከፋው መልመድ ነው፤ ለሦስት ወር ተነቅሎ ግድግዳ ላይ የተደገፈ መከለያ በአራተኛው ወር ለዓይን ጉድለት መስሎ አይታይም። ይህን አማራጭ ብቻውን የሚመርጥ ባለቤት ቢያንስ አንድ ነገር በጽሑፍ ማድረግ አለበት፤ ጥገና ክፍሉ ያቆመውን ማሽን የምርት ኃላፊው ማስነሣት እንደማይችል በፊርማው ማወጅ። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ያልሆነ ባለቤት የራሱ ፍተሻ አለው ብዬ አልቆጥርም።

የሻጩ ወኪል ቴክኒሺያን

ወኪሉ የማሽኑን ልክ ያውቃል። የሃይድሮሊኩ ግፊት ስንት ላይ መሆን እንዳለበት፣ የመቆጣጠሪያው የይለፍ ቃል፣ የትኛው መለዋወጫ ከየትኛው ሞዴል ጋር እንደሚሄድ የሚነግርዎ እሱ ነው። የፓነሉ ጽሑፍና መመሪያው በቻይንኛ ብቻ በሆነባቸው ማሽኖች ደግሞ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። በዋስትና ዘመን ሌላ ሰው ማሽኑን ቢከፍተው ዋስትናው ሊቀር ስለሚችል በዚያን ጊዜ ምርጫም የለም። አዲስ ማሽን ሲተከልም እሱ መኖር አለበት።

ነገር ግን ሰርቪስና የደህንነት ፍተሻ አንድ አይደሉም። ይህን የተማርኩት በመጥፎ መንገድ ነው። የዛሬ ብዙ ዓመት በቃሊቲ በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ የሺፍት ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ። ከፕሬሶቻችን (ብረት ተጭነው ቅርጽ ከሚሰጡት ማሽኖች) የአንዱ የብርሃን መጋረጃ፣ ማለትም እጅ ሲገባ ፕሬሱን የሚያቆመው ዳሳሽ፣ መስታወቱ ተሰብሮ ስለነበር ማሽኑ እንዳይቆም በቁራጭ ሽቦ ተቀጥሎ ታልፏል። ወኪሉ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሰርቪስ አደረገ፤ ሁለቱንም ጊዜ «በጥሩ ሁኔታ ይሠራል» ብሎ ፈረመ። አልዋሸም። የያዘው ቅጽ ስለ ዘይት፣ ስለ ቀበቶ፣ ስለ ክላችና ስለ ሞተር ሙቀት ይጠይቅ ነበር፤ ስለ መጋረጃው የሚጠይቅ አንድም መስመር አልነበረውም። ፓነሉን ስከፍት ያቺን ቁራጭ ሽቦ እኔም አይቻታለሁ። ገና ሥራ የጀመረ ልጅ ሁለት ጣቶቹን ያጣው ሁለተኛው ፊርማ በደረቀ በሳምንቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማንም ወኪል ቀጥሮ «ተፈትሿል» ሲለኝ የማየው ፊርማውን ሳይሆን ቅጹን ነው። መከለያ፣ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ፣ ባለ ሁለት እጅ ማስነሻ፣ ኃይል ቆልፎ ምልክት ማድረጊያ ቦታና የተቀጠለ ሽቦ በስማቸው ካልተጠቀሱ የሰርቪስ ወረቀት ነው። ሁለተኛው ጥንቃቄ ጥቅምን ይመለከታል፤ ወኪሉ መለዋወጫ ስለሚሸጥ መቀየር የማያስፈልገውን እንዲቀየር ሊመክር፣ ማሽኑ በስሪቱ አደገኛ ቢሆን ደግሞ የራሱን ዕቃ ለመተቸት ሊቸገር ይችላል። ያገለገለ ማሽን ገዝተው ከሆነ ወኪል ጨርሶ ላያገኙ ይችላሉ።

ገለልተኛ የፍተሻ ድርጅት

የዚህኛው ዋና ጥቅም ከምርት ዕቅዱም ከመለዋወጫ ሽያጩም ውጭ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ጥቅም መሣሪያው ነው። ቀደም ብዬ ያነሣሁትን የብርሃን መጋረጃ እንውሰድ። የሰው እጅ በሰከንድ 2,000 ሚሊሜትር ያህል እንደሚጓዝ ተደርጎ ይሰላል። ፕሬሱ ጨረሩ ከተቋረጠ በኋላ ለመቆም 0.15 ሰከንድ የሚፈጅበት ከሆነ መጋረጃው ከአደጋው ቦታ ቢያንስ 300 ሚሊሜትር መራቅ አለበት፤ በመጋረጃው ዓይነት ላይ ተመሥርቶ የሚጨመር ርቀትም አለ። አሁን የብሬኩ ሸራ ተበልቶ የማቆሚያው ጊዜ 0.22 ሰከንድ ሆነ እንበል። የሚያስፈልገው ርቀት 440 ሚሊሜትር ሆኗል፣ መጋረጃው ግን የተተከለበት ቦታ ላይ ነው። መብራቱ ይበራል፣ ማሽኑም ይቆማል፤ የሚቆመው ግን እጁ ከደረሰ በኋላ ነው። ይህን ልዩነት ዓይን አያየውም፤ የማቆሚያ ጊዜ መለኪያ መሣሪያ ይጠይቃል፣ ይህም መሣሪያ በአብዛኛው የጥገና ክፍል መደርደሪያ ላይ አይገኝም። የቦይለር ግድግዳ ውፍረት በአልትራሳውንድ መለካትና በክሬን መንጠቆ ላይ ዓይን የማያየውን ስንጥቅ በማግኔት መፈለግም እንዲሁ ናቸው።

ሆኖም «ገለልተኛ» የሚለው ቃል በደብዳቤ ራስጌ ላይ ስለተጻፈ ብቻ አይታመንም። አይ.ኤስ.ኦ/አይ.ኢ.ሲ 17020 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የፍተሻ አካላትን በሦስት ይከፍላል። ታይፕ ኤ የሚባለው ከሚፈትሸው ዕቃ ንድፍ፣ ሽያጭና ጥገና ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ታይፕ ቢ በአንድ ድርጅት ውስጥ ለዚያው ድርጅት ብቻ የሚሠራ፣ ነገር ግን ከምርት ክፍሉ ተለይቶ የተደራጀ ክፍል ነው፤ ታይፕ ሲ ደግሞ የሚያመርት ወይም የሚጠግን ሆኖ ለሌሎችም ፍተሻ የሚሰጥ ነው። ይህ ክፍፍል ለንጽጽራችን ትልቅ ትምህርት አለው፤ የራስን ማሽን ራስ መፈተሽ በመስፈርት ደረጃ የተወገዘ ነገር አይደለም፣ የሚጠየቀው ፈታሹ ከምርት ኃላፊው ትእዛዝ ውጭ መሆኑ ነው። ስለዚህ ድርጅት ሲቀጥሩ ዓይነቱን ይጠይቁ፣ የአክሬዲቴሽን ዕውቅና አለኝ ካለም ዕውቅናው የሚሸፍነውን ዝርዝር ከኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት ያጣሩ። ለማንሻ መሣሪያ የተሰጠ ዕውቅና ለቦይለር አያገለግልም።

ድክመቱ ሩቅ መሆኑ ነው። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ያየውን ቀን ብቻ ያውቃል። ሊመጣ ነው ሲባል ደግሞ ግድግዳ ላይ የተደገፉት መከለያዎች ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፣ በሄደ ማግስትም ይነቀላሉ። ይህን የመከላከያው መንገድ ፈታሹ ኦፕሬተሮቹን ለብቻቸው እንዲያነጋግር መፍቀድ ነው፤ ብሎኑ አዲስ፣ ቀለሙ ያልተላጠ መከለያ ምን እንደሚናገር ልምድ ያለው ፈታሽ ያውቃል።

በየማሽኑ ዓይነት የእኔ ምርጫ

ለሜካኒካል ፕሬስ በመጀመሪያ የክላቹ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ወደ ፕሬሱ የሚያስተላልፈውና የሚያቋርጠው ክፍል፣ ዓይነት መለየት አለበት። በአንዳንድ የቆዩ ፕሬሶች ላይ ያለው ክላች አንዴ ከተያዘ ዙሩን ሳይጨርስ አይለቅም፤ መሃል ላይ ሊቆም አይችልም። በእንዲህ ዓይነቱ ላይ የብርሃን መጋረጃ መግጠም ገንዘብ ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ሠራተኛውን በሐሰት ማደፋፈር ነው፤ የሚያድነው እጅ የማያስገባ ቋሚ መከለያ ነው። ይህን ልዩነት ሳይጠይቅ ዋጋ የሚያቀርብ ፈታሽ ለፕሬስ አይሆንም። መሃል ላይ መቆም ለሚችሉት ግን የማቆሚያ ጊዜያቸው በገለልተኛ አካል በየ6 ወሩ እንዲለካ፣ መጋረጃው ደግሞ በየሺፍቱ መጀመሪያ በመሞከሪያ ዘንግ እንዲፈተን እመክራለሁ።

ለክሬንና ለፎርክሊፍት የዕለቱን ለራስ ክፍል፣ የዓመቱን ለገለልተኛ አካል መስጠት ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የእንግሊዝ ደንብ ሰው ለሚያነሡ መሣሪያዎችና ጭነት ለሚታሰርባቸው ማንጠልጠያ ቀበቶዎች፣ ሰንሰለቶችና መሰል ተጓዳኝ ዕቃዎች 6 ወር፣ ለሌሎች ማንሻዎች 12 ወር ይላል፤ ለእኛም ጥሩ መነሻ ነው። ፎርክሊፍት ላይ ቅርጫት አስረው ሰው የሚያነሡ ከሆነ ግን የፍተሻ ጊዜ ከመምረጥዎ በፊት ያንን ልማድ ያቁሙ።

ቦይለርና የአየር ጋን ላይ አልደራደርም። የግፊት ሙከራው በውጭ ባለሙያ፣ በውሃ ይደረግ። ብዙውን ጊዜ ከሥራ ግፊቱ 1.5 እጥፍ ድረስ ይሞከራል፤ በ10 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የሚሠራ ቦይለር 15 ባር ይሰጠዋል ማለት ነው። ውሃ እምብዛም አይጨመቅም፣ ጋኑ ቢሰነጠቅ ይፈስሳል፤ የታመቀ አየር ግን እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ወጪ ለመቆጠብ በኮምፕረሰር አየር «ሞከርነው» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ሕይወታቸው የተረፈው በዕድል ነው። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ውሃቸው ከባድ ከሆነ በቱቦዎቹ ላይ የሚጋገረው የኖራ ቅርፊት ብረቱን ከልክ በላይ ስለሚያግለው፣ ከግፊት ሙከራው ጋር የውስጥ ምርመራም እንዲካተት ይጠይቁ።

ለኤሌክትሪክ ሞተርና ፓነል የወኪሉ ዕውቀት ይበልጣል፣ አንድ የአካባቢያችን ጉዳይ ግን ለእሱም ማስታወስ ያሻል። መደበኛ ሞተር የተሰላው ከባሕር ጠለል እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። አቃቂና ቃሊቲ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን እንደ ቆላ አያቀዘቅዘውም። ስለዚህ በሙሉ ጭነት የሚሠራ ሞተር የሙቀት መዝገብ ከሌለ ፍተሻው ጎዶሎ ነው።

ውል ሲፈራረሙ

አሥር ሠራተኛ ያለውና ክሬንም ቦይለርም የሌለው የብረት ወርክሾፕ በጥሩ የዕለት ፍተሻና በዓመት አንድ የገለልተኛ ጉብኝት ሊበቃው ይችላል። አቅሙ ከጠበበ ከጎረቤት ወርክሾፖች ጋር ተጋርቶ አንዱን ፈታሽ በአንድ ሳምንት ማስመጣት የጉዞውንና የመሣሪያውን ወጪ ያቀልለታል። ክሬን፣ ቦይለርና ፕሬስ አንድ ላይ ያሉት ፋብሪካ ግን ሦስቱንም አማራጮች ያስፈልጉታል፤ የሚመርጠው የሥራ ክፍፍላቸውን ነው።

በሁለቱም ሁኔታ ውሉ ላይ የሚመጣው ባለሙያ ስምና የሥራ ልምድ፣ የመለኪያ መሣሪያዎቹ ትክክለኛነት የተረጋገጠበት (የካሊብሬሽን) ቀን፣ በቀን የሚፈተሹት ማሽኖች ብዛት ይጻፍ። በአንድ ቀን ሠላሳ ማሽን እፈትሻለሁ የሚል ሰው የሚፈትሸው ወረቀት ነው። ጉድለቱ ከተጠገነ በኋላ የሚደረገው ዳግም ጉብኝት በዋጋው ውስጥ መካተቱን ያረጋግጡ፣ አለበለዚያ ዋጋው ርካሽ የሚመስለው ድርጅት በመጨረሻ ውድ ይሆናል። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ቢጻፍም ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው የሚያነበው አንድ ገጽ በአማርኛ፣ ወይም ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ፣ ማሽኑ አጠገብ ይለጠፍ።

«ወዲያውኑ ይቁም» ለሚል ግኝት ደግሞ ሪፖርቱ እስኪታተም አይጠበቅም። ፈታሹ ቀዩን ካርድ በዋናው ማብሪያ ላይ ሰቅሎ፣ ቁልፉን ቆልፎ፣ መክፈቻውን ለደህንነት ኃላፊው በፊርማ አስረክቦ መሄድ እንደሚችል በውሉ ይጻፍ፤ ካርዱን የሚያነሣውም ጥገናውን በዓይኑ ያየ ፈታሽ ብቻ ይሁን።